የወፍጮ ቤቱ ሚዛን

ሕፃናት ትልቅ ነገር ሁሉ ከባድ ይመስላቸዋል። ወሎ ሰፈር ባለ አንድ መዋለ ሕፃናት ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ከዚህ ስሕተት ያመለጠ ልጅ እስካሁን አላጋጠመኝም። ትራስና ዘነዘና ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጥና የትኛው እንደሚከብድ እጠይቃለሁ። ሃያ ሁለት ጣት ወደ ትራሱ ይቀሰራል። ከዚያ አንድ በአንድ እየጠራሁ አስነሳቸዋለሁ። ዘነዘናውን ሲያነሱ ፊታቸው ላይ የማየው መገረም ነው በዚህ ሥራ ያቆየኝ፤ ደመወዙማ አላቆየኝም ነበር።

የአስተማሪው መምሪያ ቀጥሎ ልጆቹን ራሳቸውን ሚዛን ላይ እያቆማችሁ አወዳድሩ ይላል። ያንን ገጽ እዘለዋለሁ። ዳይሬክተራችን ራሄል አንድ ቀን ለምን እንደምዘለው ጠየቀችኝ። ወፍራሞቹ ልጆች ይሳቅባቸዋል አልኳት። ትልቅ ሐሳብ ነው ብላ በስብሰባ ላይ አመሰገነችኝ። እኔ ግን ስለ ወፍራሞቹ ልጆች አስቤ አላውቅም። ውሸቴን ነበር፤ እውነቱን ብነግራት የሻይ ሰዓቷ አይበቃም ነበር።

በ1995 ዓ.ም. ቂርቆስ አንደኛ ክፍል ስገባ አስተማሪያችን ቲቸር ወዳጆ ነበሩ። ረጅም፣ የኮታቸው እጅጌ በጠመኔ የነጣ፣ ስድሳ ስምንት ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ይዘው ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። የክብደት ትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤቱ ሚዛን አልነበረውም። ከቤታቸው የሽቦ ልብስ መስቀያ አምጥተው መስኮቱ ብረት ላይ አንጠለጠሉ፤ በሁለቱ ጫፎቹ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳዎች በሲባጎ አሰሩ። መስቀያው ትንሽ ተወዛወዘና ቆመ።

በመጀመሪያ ግን ሚዛኑን አላስነኩንም። ዓይናችንን አስጨፍነው በሁለት መዳፋችን ላይ ሁለት ነገር እያስቀመጡ የትኛው እንደሚከብድ አስገመቱን። የእኔ ተራ ሲደርስ አንዱ እጄ ላይ ቀዝቃዛና ትንሽ ነገር፣ ሌላው ላይ ለስላሳና ሰፊ ነገር ተቀመጠ። ለስላሳው ይከብዳል አልኩ። ዓይኔን ስከፍት ቀዝቃዛው የበር ጓጉንቸር ቁልፍ፣ ለስላሳው ደግሞ የቲቸር ወዳጆ ኮፍያ ነበር። ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ እንደገና ያዢ አሉኝ፣ ልቀቂው እስክልሽ ያዢ። ቆይቼ ቁልፉ መዳፌን ወደ ታች ሲጎትተኝ ተሰማኝ።

በሌላ ቀን አንዱን ጣሳ ባቄላ ሞሉ፤ ሌላው ውስጥ ጥቂት ጠጠር ጨመሩ። የባቄላው ጣሳ ዝቅ አለ። ሁለቱን እኩል ለማድረግ ምን እናድርግ ብለው ሲጠይቁ አጠገቤ የሚቀመጠው ኢዘዲን ጠጠር እንጨምር አለ። ልክ ነው፣ ሌላስ አሉ። ቲቸር ወዳጆ ከባቄላው አንድ አንድ ፍሬ እያነሱ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። መስቀያው ቀስ እያለ ተስተካከለ።

"ሁለት መንገድ አለ" አሉ። "ቀላሉ ላይ መጨመር ነው። የሚጨመር ከጠፋ ደግሞ ከከባዱ ላይ መቀነስ።"

ብዙ ነገር አስተምረውኛል፤ ከሁሉም የሠራሁበት ግን ይህ ነው።

እኔና እናቴ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ለሁለት እንኖር ነበር። እናቴ መድኃኒት ትባላለች፤ ካዛንቺስ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር። አባቴ ሩቅ አገር ነው ይባላል። የት እንደሆነ የጠየቅኩ እንደሆነ እናቴ የታጠበ ዕቃ መልሳ ማጠብ ትጀምራለች። እሱ ትቶልኝ የሄደው ስሜን ብቻ ነው፤ ሲምረት የሚባል ልጅ በሰፈሩ ከእኔ ሌላ አልነበረም። ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ እስክትመጣ የኢዘዲን እናት እትዬ አዚዛ ሱቅ ውስጥ፣ የሳሙና ካርቶን ላይ ተቀምጬ እጠብቃታለሁ።

እናቴ ክፉ አልነበረችም። አትመታኝም፣ አትጮኽብኝም። ግን ስታየኝ ዓይኗ እኔ ላይ አይቆምም፤ እኔን አልፎ ከበስተጀርባዬ የቆመ ሰው የሚፈልግ ይመስላል። ስበላ ከጎኔ ቁጭ ብላ እስክጨርስ ትጠብቃለች። ጠገብሽ ትላለች። ጠግቤያለሁ እላታለሁ። ሳህኑን ታነሳና እንደገና ጠገብሽ ትላለች። የመጀመሪያውን ያልሰማች ይመስለኝ ስለነበር ለሁለተኛው ድምፄን ከፍ አድርጌ እመልስላት ነበር።

ከአልጋችን ሥር ሰማያዊ የቆርቆሮ ሣጥን ነበር። ውስጡ ጧፍ ነው። በየወሩ በአስራ አምስት፣ በቂርቆስ ዕለት፣ እናቴ እስር ጧፍ ገዝታ ትመጣለች፤ ሰም ሰም የሚሸተውን ሣጥን ትከፍትና ትደረድረዋለች። ከዚያ ውስጥ አንዱም ሲበራ አይቼ አላውቅም። መብራት ሲጠፋ እንኳ ከእትዬ አዚዛ ሻማ እንገዛለን እንጂ ሣጥኑ አይነካም።

በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ፣ ጥር አስራ አምስት፣ የንግሡ ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሽ ወልደአማኑኤል ወፍጮ ቤት ይዛኝ ትሄዳለች። በዚያን ቀን ወፍጮው አይሠራም። ጋሽ ወልደአማኑኤል በነጭ ልብሳቸው መጥተው ለእኛ ብቻ በሩን ይከፍቱልናል። ውስጡ ጸጥ ያለ ነው፤ ግድግዳው፣ ሸረሪት ድሩ፣ አምፖሉ ሁሉ ዱቄት ለብሷል። በስተጥግ የጤፍ ጆንያ የሚመዘንበት ትልቅ የብረት ሚዛን አለ። እሱ ላይ እቆማለሁ። ሰውዬው በሚዛኑ ክንድ ላይ የምትንሸራተተውን ብረት በጣታቸው እየገፉ፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቁጥሩን ያነባሉ። እናቴ ቁጥሩን በከንፈሯ ትደግመዋለች። አንደኛ ክፍል ከመግባቴ በፊት በነበረው ጥር አስራ ዘጠኝ ኪሎ ተኩል ነበርኩ።

በዚህ እኮራ ነበር። በንግሥ ቀን የሚመዘን ሌላ ልጅ አላውቅም። ኢዘዲን እኔም ልመዘን ብሎ ቢያስቸግር እናቱ ጆሮውን ይዛ አንተ ምን ቤት ነህ አለችው። ወፍጮ ቤት ውስጥ እናቴ እኔን፣ እኔን ብቻ የምታይበት ጊዜ ያ ነበር። ወይም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩን የሰማሁት ታኅሣሥ ላይ ነው። እናቴ ከሥራ መልስ ሁለት እስር ጧፍ ይዛ ሱቅ መጣች፤ እትዬ አዚዛም በስኳር ሚዛኗ ላይ አስቀመጠችላት። እኔ ካርቶኔ ላይ ሆኜ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ትልልቅ ሰዎች እርሳስ የያዘ ልጅ የሚሰማ አይመስላቸውም።

"ስትሳይ እኮ አስራ አንድ ኪሎ ነበር" አለች እትዬ አዚዛ። "ዘንድሮ ሃያ ይገባል። ነገ ሠላሳ። ልጅ ቆሞ አይጠብቅሽም። ምን ነበረበት ቁጥር ቆርጠሽ ብትሳይ?"

"ያኔ ማሰቢያ ነበረኝ? የልጄን ክብደት ያህል ጧፍ አልኩ። በቃ፣ ከአፌ ወጣ።"

"ሣጥኑ ስንት ደረሰ?"

"ይኼን ጨምሮ አስራ አራት።"

እትዬ አዚዛ ጧፉን ከሚዛኑ ላይ አነሳች። ሃይማኖቷ ሌላ ቢሆንም የእናቴን ስለት ከእናቴ እኩል ይዛው ነበር፤ ሁልጊዜ ጧፉን በሁለት እጇ ነው የምታነሳው።

"ካልሞላልኝ ልጄ ይቀርብኛል፣ አዚዛ" አለች እናቴ። "ጎደሎ ይዤ ፊቱ እንዴት እቆማለሁ?"

እርሳሴን ይዤ ደነዘዝኩ። ሕፃን ሳለሁ ኩፍኝ ይዞኝ ለጥቂት እንደተረፍኩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ያዩኝ አሮጊቶች ሁሉ ይህችማ ሞታ የተነሳች ናት ይላሉ። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነበር። እናቴ ያኔ ለቂርቆስ ተስላልኛለች፤ እሱም ምሮኛል። እሷ ግን ስለቷን አላደረሰችም። እኔ እያደግኩ፣ እየከበድኩ፣ ሣጥኑ ሊደርስብኝ አልቻለም። ካልደረሰብኝ ደግሞ ቂርቆስ መልሶ ይወስደኛል። በቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል ላይ ቂርቆስ ራሱ የሦስት ዓመት ልጅ ነው፣ ከእናቱ ጋር የሚፈላው ጋን ውስጥ የቆመ። የሦስት ዓመት ልጅ የሃያ ኪሎ ልጅ ምን ያህል እንደምትከብድ ሊገባው እንደማይችል አሰብኩ፤ ስለዚህ እሱን ለምኖ ማስረዳት ዋጋ የለውም።

ጧፍ መግዛት አልችልም። የሚጨመር ከጠፋ ከከባዱ ላይ መቀነስ ነው።

በማግስቱ ምሳ ዕቃዬን ለኢዘዲን ሰጠሁት። ለምን ብሎም አልጠየቀኝ፤ ኢዘዲን ምግብን የሚመረምር ልጅ አልነበረም። ጠዋት የሚሰጠኝን ዳቦ ኪሴ ከትቼ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ለርግቦች እበትንላቸዋለሁ። ማታ እናቴ ከጎኔ ስለምትቀመጥ ማምለጫ የለም፤ ግን ትልቅ ጉርሻ አፌ ውስጥ ይዤ ሽንት ቤት እሄድና እተፋዋለሁ። ከእራት በኋላ ሁለቱንም ጊዜ ጠግቤያለሁ እላታለሁ። ሆዴ ሲጮህ ደስ ይለኝ ነበር፤ ክብደት ሲወጣ እንደዚያ የሚጮህ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ሁሉም ለዕረፍት ሲወጣ ወደ ቲቸር ወዳጆ ተጠጋሁና "ቲቸር፣ ሰው የሚቀለው እንዴት ነው?" አልኳቸው። ሰው አይቀልም፣ ሰው ያድጋል ብለው ሳቁ። ከዚያ ፊቴን አተኩረው አዩኝና መሳቃቸውን ተዉ። ከጠረጴዛቸው ሥር ምሳቸውን አውጥተው ዳቦውን ለሁለት ገመሱልኝ። አመስግኜ ተቀበልኩ፤ ለኢዘዲን ወሰድኩለት። ዛሬ እኔ አስተማሪ ሆኜ ሳየው፣ ያን ዕለት ሰውዬው የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል። ስድሳ ሰባት ሌሎች ልጆች ነበሯቸው።

በዚያ ወር ብቸኝነትን በደንብ አወቅኩት። ለማንም መናገር አልችልም፤ ለእናቴ ከነገርኳት ሰምቼ እንደነበር ታውቃለች፣ ትጨነቃለች። ስለዚህ በልቤ ሁለት ጣሳ ይዤ እዞር ነበር፣ አንዱ ውስጥ ሣጥኑ፣ አንዱ ውስጥ እኔ። ልጆች ገመድ ሲዘሉ ግድግዳ ተደግፌ አያቸዋለሁ። ሲዘሉ ምድር ላይ የሚያሰሙት ድምፅ ከባድ ነበር፤ አንዳቸውም ግን አልፈሩም።

ጥር አስራ አምስት ደረሰ። ታቦቱ ገባ። ሰው በሰው ላይ ሆኖ ከወጣን በኋላ እናቴ እጄን ይዛ ወደ ወፍጮ ቤቱ ወሰደችኝ። ጥፍሬን ጠዋት ቆርጬዋለሁ። ጫማዬን አወለቅኩ፤ ጋሽ ወልደአማኑኤል አያስፈልግም ቢሉም ካልሲዬንም አወለቅኩ። ብረቱ ይቀዘቅዝ ነበር። ብረቷን ሃያ ላይ አድርገው ጀመሩ፤ ወደ ኋላ ገፏት፤ እንደገና ወደ ኋላ ገፏት።

"አስራ ሰባት" አሉ።

እናቴ ይድገሙት አለቻቸው። ደገሙት። አስራ ሰባት ነው።

በልቤ ደመርኩ። ሣጥኑ አስራ አምስት ደርሷል። "እማ፣ ሁለት ብቻ ቀረ እኮ" ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ግን ፊቷን አየሁት። እናቴ በነጭ ቀሚሷ ዱቄቱ ላይ ቁጭ አለች።

"ርቦታል" አለች። "ርቦታል ጋሼ።"

ሰውዬው ብብቴን ይዘው ከሚዛኑ አወረዱኝ። ማን እንደራበው ለማወቅ ዞሬ አየሁ፤ ከእኛ በቀር ማንም አልነበረም። ያኔ የመጣልኝ አሳብ የራበው ቂርቆስ ነው የሚል ነበር፤ ጧፉን ጠብቆ ጠብቆ ርቦታል፣ አሁን የሚፈልገው እኔን ነው። እናቴ ዱቄቱ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ እኔ ባዶ እግሬን ቆሜ በሩን አየሁ።

እውነቱን የነገረችኝ እትዬ አዚዛ ናት፤ አስራ ሁለት ዓመቴ ነበር። እናትሽ እስክትነግርሽ ጠበቅኩ፣ አልሆነላትም ብላ ጀመረች። እኔ ብቻዬን አልተወለድኩም። መንታ ነበርን፤ እኔና ተወልደ። ስንወለድ ነርሷ ብትመዝነን እኩል ሁለት ኪሎ ከአራት መቶ ነበርን፤ በሁለት ዓመት ተኩላችን ጤና ጣቢያ ስንመዘንም እኩል አስራ አንድ ኪሎ። ሚያዝያ 1990 አባታችን አስመራ ያሉትን የታመሙ እናቱን ሁለታችንንም ሊያሳያቸው ተነሳ። እኔን ኩፍኝ ያዘኝ። እናቴ ከእኔ ጋር ቀረች፤ እሱ ጤነኛውን ልጅ ይዞ ለሁለት ሳምንት ሄደ። በግንቦት ጦርነቱ ተጀመረ። መንገዱ ተዘጋ፣ ቀጥሎ ስልኩ። እናቴ በዚያው ወር በአስራ አምስት ቂርቆስ ደጃፍ ወድቃ ልጄን በእጄ ካስገባህልኝ አለች።

ስለ እሱ የምታውቀው ምንም አልነበረም፤ እኔ ብቻ ነበርኩ። መንትዮቹ እኩል ከነበሩ እኩል ያድጋሉ። በየዓመቱ ወፍጮ ቤት ስትወስደኝ ሚዛኑ ላይ ያቆመችው እሱን ነበር። በያንዳንዱ ማታ ሁለተኛው ጠገብሽ ለእሱ ነበር፤ በእኔ በኩል ልትጠይቀው የምትችለው እንደዚያ ብቻ ነው። እናም ያን ጥር፣ ከአምስት ዓመት ዝምታ በኋላ፣ የመጀመሪያውን ወሬ ከአስመራ ሰማች፤ ልጅሽ እየራበው ነው የሚል። ወሬውን ያመጣሁላት እኔ ነኝ፣ ምሳዬን ለኢዘዲን እየሰጠሁ።

ይህን ሁሉ ግን በሰባት ዓመቴ አላውቅም። ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ እረፍት ወስዳ ሐኪም ቤት አመላለሰችኝ፤ የሆድ ትል መድኃኒት ሰጡኝ። እንቁላል፣ ገንፎ፣ ማር፣ ወተት። እየበላሁ አለቀስኩ፤ እሷም እያጎረሰችኝ ታለቅሳለች። ሁለታችንም ስለ ምን እንደምናለቅስ አንዳችን ሌላችንን አልጠየቅንም። በሚያዝያ ሃያ አንድ ኪሎ ሆንኩ። ወር በገባ በአስራ አምስት ከትምህርት ቤት ስመለስ አልጋው ሥር እገባና ከሣጥኑ ጎን እጋደማለሁ፤ ሊወስደኝ ከመጣ ሣጥኑን ከእኔ ጋር አይቶ ትንሽ ይታገሰናል ብዬ። ያ ፍርሃት መቼ እንደለቀቀኝ አላስታውስም። አንድ ቀን አልጋው ሥር መግባት አቃተኝ፤ አድጌ ነበር።

እትዬ አዚዛ በነገረችኝ ቀን ቤት ገብቼ እናቴን ጠየቅኳት። ዕቃ ልታጥብ ተነሳች፤ እጇን ያዝኳት። ወንድም እንዳለኝ ለምን እንዳልነገረችኝ፣ ያን ሁሉ ዓመት ሚዛን ላይ ስቆም እኔን አንድ ቀን እንኳ አስባ እንደሆነ ጠየቅኳት። ግራ ገባት። እውነተኛ ግራ መጋባት ነበር።

"አንቺንማ አይሻለሁ" አለችኝ። "አጠገቤ ነሽ እኮ።"

ሌላ ልጅ ቢሆን እዚያ ላይ እምቢ ይል ነበር። እኔ በሚቀጥለው ጥር ጫማዬን አውልቄ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ኮሌጅ ገብቼ ጓደኞቼ ለመክሳት እራት ሲዘሉ እኔ እበላ ነበር፤ አስመራ ላለ ለማላውቀው ልጅ እበላለሁ። አንዳንዴ በፍቅር፣ አንዳንዴ በእልህ። እኔ ስታመም እንዲታመም፣ እኔ ስጠግብ እንዲጠግብ የተፈረደበት ሰው ቢኖር ወንድሜ ነበር፤ ስለዚህ እጠነቀቅለት ጀመር። ሣጥኑ ሁለት ሆነ፤ ኋላም ሦስት፤ ጧፉም ቀስ በቀስ በክብደት ደረሰብኝ።

በ2010 ክረምት የአስመራ ስልክ ተከፈተ። ድንበሩ ክፍት በነበረባቸው ጥቂት ወራት፣ ኅዳር ላይ፣ ተወልደ በአውቶቡስ መጣ። የእኔ ፊት በወንድ ላይ ምን እንደሚመስል ያን ቀን ኦሎምፒያ ቆሜ አየሁ። ከእኔ ያጥራል። እጁ የሥራ እጅ ነው። አማርኛው ከሠላሳ ቃል አይበልጥም፤ የእኔ ትግርኛ ስሜ ብቻ ነው። አባታችን እዚያ ሌላ ቤት መሥርቷል። ቀልድ ስነግረው እናቴን አይቶ ከሳቀች በኋላ ይስቃል። ጨዋ ልጅ ነው፤ አልጋዬን ስለቅለት እምቢ ብሎ ሦስት ቀን መሬት ተኛ። ዛሬ ካምፓላ ነው፤ ለበዓል ይደውልልናል፣ ሁለታችንም የአየሩን ሁኔታ እንጠያየቃለን።

ያን ጥር አስራ አምስት ሦስታችንም ወፍጮ ቤት ሄድን። ወፍጮ ቤቱ ዛሬ የለም፤ ሰፈሩ ፈርሶ ቦታው ላይ የብስክሌት መንገድ ተሠርቷል። ያኔ ግን ጋሽ ወልደአማኑኤል አርጅተውም ሚዛኑን ለማንም አያስነኩም ነበር። ተወልደ ነገሩ ምን እንደሆነ በቅጡ ሳይገባው እናቴ ወደ ብረቱ ስትገፋው ወጣ። ጋሽ ወልደአማኑኤል ብረቷን ስድሳ ላይ አድርገው ጀመሩ፤ ወደ ኋላ ገፏት።

"ሃምሳ ሁለት።"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "ሲምረት፣ አንቺም ውጪበት" አለችኝ። ወጣሁ። ስልሳ አንድ ነበርኩ። እናቴ ልዩነቱን ለማስላት ጊዜ አልወሰደባትም። የወንድሜን የእጅ አንጓ ይዛ፣ አጥንቱን በአውራ ጣቷ እያሸች ቆየች። ዘጠኝ ኪሎ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያበላችው ልጅ ዘጠኝ ኪሎ ጎድሎባት መጣ፤ እኔ ውስጥ የከተተችው አልደረሰውም። እኔ ከሚዛኑ ሳልወርድ አየኋቸው። ቀናሁ። ወንድሜ በሕይወት መጥቶ፣ እናቴ ሃያ ዓመት የለመነችው ደርሶላት፣ እኔ እዚያ ብረት ላይ ቆሜ እንደ ሰባት ዓመት ልጅ ቀናሁ።

ከወፍጮ ቤቱ መልስ ሣጥኖቹን በታክሲ ጭነን ቤተ ክርስቲያን ገባን። ስለት የሚያስገባ ሰው ስሙንና ያመጣውን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ድምፅ ማጉያ ለያዙት አባት ይሰጣል። እናቴ የወንድሜን እጅ ልትለቅ አልፈለገችም። እስኪርብቶውን ለእኔ ሰጠችኝ።

"ስንት ኪሎ ልበል?" አልኳት። "ሃምሳ ሁለት?"

"ስልሳ አንድ" አለች። "እኔ ጋ ቢያድግ ያን ያህል ነበር የሚሆነው። እኔ ጎደሎ አልሰጥም።"

ስልሳ አንድ ብዬ ጻፍኩ። "በማን ስም?"

እንዲያ ብዬ መጠየቄ ገረማት። "በወንድምሽ ነዋ" አለችኝ፣ ፊቷን ወደ እሱ እንዳዞረች።

ጻፍኩት። ወረቀቱን አጥፌ ሰጠሁ። አባ ከብዙ ድንኳን፣ ጃንጥላና ምንጣፍ በኋላ የእኛን አነበቡት፤ ወይዘሮ መድኃኒት ስለ ልጃቸው ስለ ተወልደ፣ ስለታቸው ሰምሮላቸው፣ በክብደቱ ልክ ስልሳ አንድ ኪሎ ጧፍ። ግቢው በእልልታ ተናወጠ። እናቴ በሁለት እጇ የወንድሜን ትከሻ ይዛለች፤ እሱ ስሙን ብቻ ሰምቶ አንገቱን ደፍቷል። አጠገቤ የቆመች የማላውቃት ሴት እንባዋን እየጠረገች ቁጥሩን ሰማሽው ወይ፣ እንዴት ያለ ሙሉ ልጅ ነው አለችኝ። ሰምቻለሁ አልኳት። እኔም ከሌሎቹ ጋር እልል አልኩ።